ከነጩ መስመር ወዲያ

ለውድ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባልሽ፣ ቤትሽ፣ ያ ሲንጫጫ የሚውለው የስፌት መኪናሽ ሳይቀር ደህና ናቸው? እኔና ባሌ በሕይወት አለን። ከዚህ የበለጠ ስለ ደህንነታችን የምጽፈው የለኝም።

ስልክ ያልደወልኩት ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። ድምፄን ታውቂዋለሽ፤ ገና ሃሎ ከማለቴ ሁሉም ይገባሻል። ደብዳቤውን የሚሰጥሽ ሹፌር የባሌ ጓደኛ ነው፤ አንብበሽ እስክትጨርሺ በር ላይ ይጠብቅሻል። ከደብዳቤው ጋር አንድ የታተመ ወረቀት አለ፤ ከሥሩ ያንቺን ፊርማ ይፈልጋል። ካልፈረምሽው መጠጥ ቤቱ ይታሸጋል፣ እኔም እከሰሳለሁ። ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ ብቻ መሀል ላይ አቋርጠሽ እንዳትነሺ።

ቤታችንን ታውቂዋለሽ፤ ከፊት መጠጥ ቤቱ፣ ከኋላ መኖሪያችን፣ በመካከል አንድ በር። ፈቃድ ያወጣን ጊዜ ተቆጣጣሪው መጥቶ ሕጉን አነበበልን። አሥራ ስምንት ዓመት ላልሞላው ልጅ መሸጥ የለም፣ መቅዳት የለም፣ ባንኮኒው አጠገብ ማስቀመጥም የለም። እኔ መቼም ሳልጠይቅ አልቀርም፤ በገዛ ቤታችንስ አልኩት። ሰው ጓዳው ገብቶ ከልጁ ጋር የሚያደርገውን ማየት የእኔ ሥራ አይደለም፣ የእኔ ሥራ እዚህ በር ላይ ያልቃል ብሎኝ ሄደ። ባሌ በማግስቱ ነጭ ቀለም ገዝቶ ደፉ ላይ መስመር አሰመረበት። ወዲህ ሕግ፣ ወዲያ እኛ እያለ ደንበኞቹን ያስቅ ነበር። እኔም ስቄያለሁ።

ልጅሽን ትምህርት ቤቱ ይቀርባታል ብለሽ ስትሰጪኝ ከመስመሩ ወዲያ ነው ያኖርኳት። እኛ ቃጭል ነው የምንላት፤ እንደ አክስቷ አፏ አያርፍማ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን መስመሩን ረግጣ ወደ ሰው አልወጣችም፤ ቁልፍ እንኳ ሲጠፋባት በሩ ላይ ቆማ ነው የምትጠራኝ። እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ነበረች!

እሑድ እሑድ ምሳ ላይ ግማሽ ብርጭቆ ቢራ መቅዳት የጀመርኩላት እኔ ነኝ። ማንም ላይ አላላክክም። አባታችን ከብርጭቆው ያቀምሰን አልነበር? ሜዳ ላይ ከሚዋረዱ እኔ ፊት ይልመዱት ይል አልነበር? አንቺ አፍንጫሽን ይዘሽ ትተፊው ነበር፣ እኔ ደግሞ ድገመኝ እል ነበር። ታዲያ እኛ ምን ሆንን እያልኩ ቀዳሁላት። ለምን አልነገርሽኝም ብትይኝ መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ አትፈቅጂማ።

ከዚያ ጓደኞቿ መምጣት ጀመሩ። እዚያው ሳሎን፣ ከመስመሩ ወዲያ። ጠርሙሱን በመስመሩ ላይ አሻግሬ እሰጣቸው ነበር፤ ሸጥኩ እንዳልባል አምስት ሳንቲም አልተቀበልኩም፣ እንግዳ ናቸዋ። የአንደኛዋ እናት ነርስ ናት፤ አንድ ቀን የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ መጥታ ለልጄ ማን ፈቀደልሽ ብላ ጮኸችብኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ በቤቴ ነው፣ ሕግ አላፈረስኩም አልኳት። ሴትዮዋ መስመሩን ቁልቁል አየችው። "የኔን ይዤ ሄጃለሁ፤ ያንቺን ማን ይወስድልሻል?" አለችኝ። ሟርተኛ ብዬ ሰደብኳት።

ያለፈው ቅዳሜ ፈተና ጨረሱና ከምሳ በኋላ አምስት ሆነው መጡ። መጠጥ ቤቱ ኳስ ሊያዩ በመጡ ሰዎች ጢም ብሏል። በሩን ክፍት አድርጌ፣ ዓይኔ ሥር ናቸው ብዬ ሥራዬን ያዝኩ። እርግጥ የቆሙት ሰዎች ጋርደውኛል፤ ግን የልጅሽ ሳቅ ይሰማኝ ነበር፣ ያ የምታውቂው ሳቅ። ጓዳ ካለው ካርቶን ውስጥ ጠንካራውን መጠጥ ማን እንዳወጣው እስካሁን አልታወቀም። ማን ቶሎ ይጨርሳል ተባብለው ነው አሉ።

ሳቋ መቋረጡን ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው። ስገባ ሶፋው ላይ በጀርባዋ ተዘርግታለች። ጓደኞቿ ተኝታ ነው አሉኝ። እኔ በዚህ ሥራ ስንቱን ሰካራም አይቻለሁ፣ እታለም፤ ይተኛል፣ ይነሳል፣ ራሴን ራሴን ይላል፣ በቃ። ብርድ ልብስ አምጥቼ እስከ አገጯ አለበስኳት። ልጆቹን ወደየቤታችሁ ብዬ አሰናበትኳቸው። ጫጫታው እንዳይረብሻት በሩን ዘጋሁና ወደ ደንበኞቼ ተመለስኩ።

ሆስፒታል ስናደርሳት ሐኪሙ ራሷን ስታ ስንት ጊዜ ቆየች ብሎ ሲጠይቀኝ ሃያ ደቂቃ አልኩት። ባሌ አጠገቤ ቆሞ ሰምቶኛል፤ መሬት መሬቱን አየ። ብርድ ልብሱን ያለበስኳት ኳሱ ሳይጀመር ነው። ተመልሼ የገባሁት ኳሱ አልቆ ሰዉ ከተበተነ በኋላ ነው። ይህንን ከባሌና ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። ቅዳሜውኑ ያልነገርኩሽ ትነቃለች ብዬ ነው። እሑድንም እንደዚያው አልኩ። 

ትናንት ሰኞ ተቆጣጣሪው መጣ፤ ያው ሰውዬ ነው። ነጩን መስመር በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። ከቦርሳው ሕጉን አውጥቶ ያን ጊዜ ያላነበበልንን አንቀጽ አነበበው። በቤት ውስጥ የሚፈቀደው ለወላጅ ብቻ ነው፤ አክስት ወላጅ በጽሑፍ ካልፈቀደላት በቀር እንደ ማንኛውም ሻጭ ነች። በጽሑፍ የተሰጠሽ ፈቃድ አለ ወይ አለኝ። አለ አልኩት። እስከ ሐሙስ አምጪ አለኝ።

ወረቀቱ እሱ ነው። ቀኑ ከሁለት ዓመት በፊት ተብሎ ተጽፏል፤ አትደንግጪ። ያዘጋጀው ጠበቃ፣ እህትሽ ከፈረመች ነገሩ ካንቺ ላይ ይወርዳል አለኝ። ከእኔ ወርዶ ማን ላይ ያርፋል ብዬ ጠየቅኩት። "እሱን አሁን አታንሺው" አለኝ። አላነሳሁትም።

ባልሽን ይዘሽ ነይ፤ ብቻሽን መኪናው ላይ አትውጪ። ሥራሽን ለሰው ስጪ፣ ቤቱንም ለጎረቤት አደራ በይ፤ ቶሎ አትመለሺም። ልብስ ልያዝላት እንዳትዪ፣ ምንም አያስፈልጋትም። ሹፌሩንም መንገድ ላይ አታስጨንቂው፤ እንዳይናገር አስምዬዋለሁ።

ወረቀቱን ግን አደራሽን እዚያው ቤትሽ ሆነሽ፣ መኪናው ውስጥ ሳትገቢ ፈርሚልኝ። እዚህ ከደረስሽ በኋላ እጅሽ እሺ አይልሽም።

ፈጣሪ ያጽናሽ።

ታናሽ እህትሽ