ያናፈስነው ውሃ

ለበኩር ልጄ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ደጅሽን ያንኳኳ። እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ? ልብስ ማጠቢያው ቤት ቀኑን ሙሉ ቆመሽ እንደምትውዪ ከጻፍሽልኝ ወዲህ፣ እኔ እዚህ አረፍ ባልኩ ቁጥር የአንቺ እግር ትዝ ይለኛል። አማቼስ እንዴት ነው? ሳሉ ለቀቀው ወይስ አሁንም ሐኪም ላለማየት ሰበብ ይደረድራል? የልጅ ልጄ የፊት ጥርስ በቀለ? እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ምላሱ ጤነኛ ነው፤ ከራዲዮው ጋር ሲከራከር ይውላል።

ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። እጄ ቀርፋፋ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስምንተኛ ክፍል ካቆምኩ ወዲህ የጻፍኩት ሁሉ ቢደመር ይህን አያህልም። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ አንዱን ቀን አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ፣ ሌላውን ቀን እኔ ፈራሁ። የምነግርሽ ትልቅ ደስታ አለ። ደስታው ግን በድምቡሼ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ታግሠሽ አንብቢልኝ።

ታናሽ እህትሽ ድምቡሼያችን ስድስት ዓመት ሳይሞላት፣ በሦስት ቀን ተቅማጥ ከእጄ ከወጣች ሁለት ዓመት አለፈ። አንቺ ሳትደርሺ አፈር አለበስናት። የታመመች ለት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ቤት ምሳ በልታ ነበርና፣ ያ ምግብ ነው የገደላት ብዬ ላንቺም እንደዚያው ነገርኩሽ። ለልብስ ሰፊዋ በአፌ ምንም ብያት አላውቅም፤ ግን ሰላምታዬ ከአንገት በላይ ሆነ፣ እሷም ገብቷት ኖሯል።

ከሐዘኑ በኋላ የማዘጋጃ ቤቱን ደረጃ መወልወል ትቼ፣ እዚያው ሕንጻ ውስጥ በአካባቢ ጤና ትምህርት ክፍል የሰፈር አስተማሪ ሆኜ መቀጠሬን ነግሬሻለሁ። አምስት ሴቶች ነን፤ ቅጥራችን ጊዜያዊ ነበር። ከእኛ በላይ ኮሌጅ የጨረሰች ወጣት የጤና ባለሙያ አለች፤ እኔን እትዬ ነው የምትለኝ። ከእሷ በላይ ደግሞ ኃላፊያችን አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ወረቀት ይወዳሉ። ማኅተማቸውን ትራሳቸው ሥር አድርገው የሚተኙ ይመስለኛል።

እስካለፈው ሚያዝያ የምናስተምረው በድምፅ ማጉያ ነበር። ሰፈሩ ውሃ ከሚቀዳበት ቦኖ አጠገብ ሰው እንሰበስባለን፣ ጥርሱን ያገጠጠ ጀርም የተሣለበትን ወረቀት ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን፣ እጅ ታጠቡ፣ ውሃ ክደኑ እያልን እንጮኻለን፤ በመጨረሻ ሰዉ ስሙን ጽፎ፣ ፈርሞ ይሄዳል። ኃላፊያችን ፊርማውን ይቆጥሩና ይህን ያህል ሰው ተማረ ብለው ለከተማው ምክር ቤት ይልካሉ። በወረቀቱ ከሆነ ሰፈራችን በሙሉ ምሁር ነው። ልጆቹ ግን ይታመሙ ነበር። ከአሁኑ በፊት በነበረው ክረምት ከእኛ ሰፈር ብቻ ስልሳ አንድ ሕፃን በተቅማጥ ጤና ጣቢያ ገባ።

በሚያዝያ ምክር ቤቱ ጠርቶ ቁርጡን ነገረን። በመጪው ክረምት የሚታመሙት ልጆች ቁጥር ቢያንስ በግማሽ ካልቀነሰ ክፍሉ ይዘጋል፣ እኛም ወደየነበርንበት እንመለሳለን። መወልወያ መያዝ አያሳፍረኝም፤ አንቺን ያሳደግኩሽ በእሱ ነው። የከበደኝ ሌላ ነበር። ክፍሉ ከተዘጋ እነዚህ ልጆች ለምን እንደሚታመሙ የሚጠይቅ ሰው በከተማው አይኖርም። ድምቡሼም እንዲሁ ሞታ ቀረች ማለት ነው።

ባለሙያዋ እንግዲህ በጩኸት የሚሆን ነገር የለም አለችና ቤት ለቤት እንድንዞር አደረገች። ትንንሽ ብልቃጦች አመጣች። ብልቃጧን ውሃ ሞልተሽ አንዲት ፍሬ መድኃኒት ትጨምሪበታለሽ፤ ውሃው ውስጥ ጀርም የሚገድለው ክሎሪን ካለ ሮዝ ይሆናል፣ ከሌለ ሳይለወጥ ይቀራል። ማዘጋጃ ቤቱ የቦኖው ታንከር ውስጥ ክሎሪን ስለሚጨምር ቦኖው ላይ ስንለካው ደማቅ ሮዝ ነው። ያው ውሃ ቤት ገብቶ ስንለካው ምንም የለም። ከቦኖው እስከ ቤት ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። መድኃኒቱን መንገድ ላይ ማን ሰረቀው? ባለሙያዋ ጄሪካኖቹን ጠርጥራ ሁሉንም አሳጠበች፤ ለውጥ የለም። ሴቶቹን ስንጠይቅ ሁሉም አንድ ቃል ናቸው፤ ቀድተን ወዲያው እንከድነዋለን ይላሉ። እንዲህ በሉ ብለን ያስተማርናቸው እኛው ነና።

በሦስተኛው ሳምንት ተራው የልብስ ሰፊዋ ቤት ሆነ። ቀጠሯችን ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ባለሙያዋ ስብሰባ ስለገጠማት ግን ጠዋት ሄድን። ግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ በሚያርፍበት ግድግዳ ሥር፣ ሦስት ባልዲዎች አፋቸውን ከፍተው ተደርድረዋል። ልብስ ሰፊዋ ውሃውን ከፍ አድርጋ ካንዱ ባልዲ ወደ ሌላው ታንቆረቁራለች። ስታየን ደንግጣ ቀሚሷን አረጠበች። ባለሙያዋ ምን እየሠራሽ ነው ብላ ጠየቀቻት። እኔ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ውሃ እያናፈሰች ነበር።

ልጄ፣ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። የመድኃኒት ሽታ ያለው ውሃ ለእንግዳ ማቅረብ እኛ ሰፈር ነውር ነው። ስለዚህ ገልጠን ፀሐይ ላይ እናውለዋለን፣ ከባልዲ ወደ ባልዲ እናገላብጠዋለን፣ ሽታው ሲጠፋ አሁን ጣፈጠ እንላለን። ለካ ሽታው መድኃኒቱ ራሱ ነው። እሱ ከወጣ በኋላ የሕፃን እጅ ቢገባበት፣ ዝንብ ቢያርፍበት፣ ውሃው ጠባቂ የለውም። ይህን ሁላችንም በሙያ ስም ስናደርገው ኖረናል። በሰፈሩ ደግሞ እንደ እኔ ውሃ የሚያናፍስ አልነበረም፤ ሰው የእኔን ውሃ ልቅመስ ብሎ ይመጣ ነበር። በታመመችበት ሳምንት ድምቡሼ ካናፈስኩት ባልዲ በእጇ እየጨለፈች ስትጠጣ አይቻታለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር ያየኋት።

እዚያው ግድግዳው ሥር ቁጭ አልኩ። ባለሙያዋ ነገሩ ገባት። እጄን ይዛ፣ «እትዬ፣ ክደኑ ብለን ጮኽን እንጂ ሽታው ምን እንደሆነ አንድ ቀን አስረድተናችሁ አናውቅም። ጥፋቱ የእኛ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን እናት ነኝ፤ የእኔን ድርሻ ሌላ ሰው አይወስድልኝም። ሁለት ቀን እህል ሳልቀምስ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ለአባትሽ ነገርኩት። እሱም እንደጠጣ፣ እሱም ጣፈጠ እንዳለ ነገረኝ። ተነሥቶም ራዲዮውን ዘጋው።

ቅዳሜ ጠዋት ቦኖው አጠገብ ሰው ሰበሰብን። ድምፅ ማጉያውንም ሥዕሉንም ቢሮ ትቻቸው ነው የሄድኩት። ልብስ ሰፊዋ ከፊት ተቀምጣለች። ስታናፍስ ስላገኘናት ተናዳ ነበርና ገና ሳልጀምር፣ «ዛሬ ደግሞ የት ጋ ነው የምንፈርመው? እጃችን ከመታጠብ ይልቅ በመፈረም አለቀ እኮ» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅኩ።

«ዛሬ ፊርማ የለም» አልኩ። «ድምቡሼን ያጠጣኋት ያናፈስኩትን ውሃ ነው። የጎረቤት ምሳ አልገደላትም። መድኃኒቱን በገዛ እጄ አውጥቼ፣ የቀረውን ነው የሰጠኋት።»

ከዚያ ባለሙያዋ እንዳስረዳችኝ አድርጌ ሽታው ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ድምፄ አልከዳኝም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ስጨርስ ልብስ ሰፊዋ ተነሣች። የድምቡሼን ቀሚሶች በሙሉ የሰፋች እሷ ናት። ሁለት ዓመት በሆዴ ስወቅሳት እንደኖርኩ ታውቃለች፤ በሰው ፊት ልታዋርደኝ ብትፈልግ ከዚያ የተሻለ ቀን አታገኝም ነበር። ወደ ሴቶቹ ዞረችና፣ «ምን እሷን ታያላችሁ? እኔም አናፍሳለሁ። የማታናፍስ ካለች እጇን ታውጣ» አለች። አንድ እጅ አልወጣም። መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ ሰው እስኪበተን ድረስም ከዚያ አልሄደችም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አሠራራችን ተለወጠ። ለየአሥር ቤቱ አንድ ብልቃጥ ሰጠን፤ የአንዷን ቤት ውሃ የምትለካው ጎረቤቷ ናት። ውሃው ከጄሪካኑ አይገለበጥም፤ ክዳኑ የሚከፈተው ሲቀዳ ብቻ ነው፤ እጅም ኩባያም አይገባበትም። ቀድሞ ነውር የነበረው ሽታ አሁን መኩራሪያ ሆነ። ሴቶቹ መንገድ ላይ ሲገናኙ እንዴት አደርሽ ሳይሆን ሮዝ ነሽ ወይ ነው የሚባባሉት። እምቢ ያለም ነበር። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው ሽማግሌ አናጺ፣ ይህ ውሃ ሆስፒታል ሆስፒታል ይለኛል ብሎ ኩባያውን ሲመልስ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ «አባባ፣ እዚያ ከሚተኙ እዚህ ቢሸትዎት አይሻልም?» አለችው። ጠጣ። ኃላፊያችን ደግሞ ፊርማ የሌለውን ትምህርት እንዴት አድርጌ ሪፖርት ላድርገው ብለው ሲጨነቁ ሰነበቱ። በመጨረሻ መፍትሔ አገኙ፤ ሮዝ ቀለም ያለው ማኅተም አሠሩና በየቤቱ ቅጽ ላይ መምታት ጀመሩ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ክረምቱ ሲገባ ፈተናው መጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ሦስት ልጆች ታመሙ። ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ቁጥር ለማየት በየጠዋቱ በጭቃ እሄድ ነበር። ሦስቱም የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ባለሙያዋ ደረሰችበት፤ ከሌላ ሰፈር ገና የገቡ ተከራዮች ናቸው፣ ማንም አልነገራቸውም። ሳንጠራት ልብስ ሰፊዋ ብልቃጧን ይዛ ቤታቸው ገብታ ጠበቀችን። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ተራመደ እንጂ አልሮጠም። ክረምቱ ወጣ። ስልሳ አንድ የነበረው ዘጠኝ ሆነ። ዘጠኙም ድነው ቤታቸው ገብተዋል።

ባለፈው ማክሰኞ ምክር ቤቱ ፊት ቀረብን። ስወለውለው የኖርኩትን ደረጃ ያን ቀን ለመናገር ወጣሁት። ኃላፊያችን ቅጾቻቸውን ዘረጉ፤ ባለሙያዋ ቁጥሩን አነበበች። አንድ አባል ዝናቡ ቀሎ ይሆናል እንጂ ውሃ ማሽተት ይህን ሁሉ አይሠራም አሉ። ይፈቀድልኝ አልኩና ጠረጴዛቸው ላይ ካለው የመስታወት ጆግ ብልቃጤን ሞልቼ ፍሬዋን ጣልኩባት። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው አዩ። ሳይለወጥ ቀረ። ምክር ቤቱም የሚጠጣው የተናፈሰ ውሃ ኖሯል። የሚያናፍሰው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እኔ ግን ስም አልጠራሁም፣ በእኔ ቦታ የተቀጠረችውን ጽዳት ሠራተኛ ያስተማርኳት እኔ ነኛ! ሰብሳቢዋ ሳቃቸውን ይዘው፣ «እንግዲህ ትምህርቱ ከዚህ ጠረጴዛ ይጀመር» አሉ። እጅ ወጣ። የተቃወመ የለም። ክፍሉ አይዘጋም፤ አምስታችንም ቋሚ ሠራተኞች ሆንን፤ ሥራው ወደ ሦስት ሌሎች ሰፈሮች ይሰፋል፣ የሚመሩትም ባለሙያዋና እኔ ነን። ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ትጠብቀን ነበር፤ ስነግራት እልልታዋን እዚያው ማዘጋጃ ቤት ኮሪደር ላይ አቀለጠችው። ጥበቃው ሊከለክላት መጥቶ አብሮን ሳቀ።

ልጄ፣ እንግዲህ እህትሽ እንዴት እንደሞተች አወቅሽ። የተሳሳተ ነገር ነግሬሽ ስለቆየሁ ይቅር በይኝ። ብትቆጪኝም አልከፋም፤ መብትሽ ነው። ግን ይህንንም እወቂልኝ። አምና በዚህ ሰሞን መንገዱ ጭር ያለ ነበር። ዘንድሮ ልጆቹ ቦኖው ሥር ጭቃ ሲያቦኩ፣ እናቶቻቸው በልብስ ምክንያት ሲጮኹባቸው እሰማለሁ። እንደ ቀድሞው ክረምት ቢሆን ይታመሙ የነበሩ ሃምሳ ሁለት ልጆች በዚህኛው አልታመሙም። ቆሜ አያቸዋለሁ፤ አያስለቅሰኝም።

አማቼን ሳልክን ታከም ብላሃለች በዪልኝ። ለልጅ ልጄ ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ድምቡሼ የምትባል አክስት እንደነበረቻት ንገሪያት፣ አትደብቂያት። ለአማትሽ በአክብሮት ሰላም በዪልኝ። ያቺን ሽንኩርት የምታካፍልሽን ጎረቤትሽንም እናቴ ታመሰግንሻለች በያት። አባትሽ የራዲዮ ባትሪውን ነገር እንዳትረሺ ብሎሻል፤ እሱም ይስምሻል።

ሰኞ ጠዋት ከወንዙ ማዶ ባለው ሰፈር፣ ከማያውቁኝ ሴቶች ፊት እቆማለሁ። ከምን እንደምጀምር ባለሙያዋ ጠይቃኝ ነበር። ከልጄ እጀምራለሁ ብያታለሁ።

የምትወድሽ እናትሽ፣
የአካባቢ ጤና አስተማሪ

ከቦኖው ማዶ ካለው ቤታችን
ጥቅምት ፲፬ ቀን