የደስታው የዓሣ ሾርባ

አሰብ፣ ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.

ለጣውንቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ብለው በመሠረተ ትምህርት አስተምረውናልና ነው የምጠይቅሽ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂ፤ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ የያዝኩት እርሳስ ነው። የአንቺንም ደብዳቤ ራሴ አነበብኩት እንጂ ለማንም አላስነበብኩም።

ደስታው ታሞ እህል እንቢ ካለ ሦስተኛ ሳምንቱን እንደያዘ ጽፈሻል። «የአሰቡን የዓሣ ሾርባ» ቢልሽ ሦስት ጊዜ ሠርተሽለት ሦስቴም ገፋው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ባሌን ወስዳ ደግሞ ድስቴን ላኪልኝ ትለኛለች አልኩ። ጎረቤቴ ዳሃባ «የታመመ ሰው ምግብ አይከለከልም፤ ጻፊላት!» ብላ ባትቆጣኝ እስከ ፋሲካ ዝም እልሽ ነበር። ሾርባውን ያስተማረችኝም እሷ ናት፣ የዓሣ አጥማጆቹ መንደር የበይሉል ልጅ።

እንግዲህ ስሚ። በሾፌሩ በአሥራት እጅ ደረቅ ዓሣና ደረቅ ሎሚ ልኬልሻለሁ። ዓሣውን ከማለዳ ዘፍዝፊው፤ ውሃውን ሁለት ጊዜ ለውጪ። ጨው እንዳትጨምሪ፣ ራሱ ጨው የጠጣ ነው። ቀይ ሽንኩርት በዘይት አቁላዪ፣ እንዳይጠቁርብሽ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ከሙን፣ ከዚያም ዓሣውን ከንጹሕ ውሃ ጋር ጨምሪ። ሎሚውን በሹካ ወግተሽ እንዳለ ጣይው። ሊወጣ ሲል አንድ እፍኝ ሩዝ። በርበሬና ቅቤ አገባሁበት ያልሽው ምንድነው? ዶሮ ወጥ ነው እንዴ የምትሠሪው? ዓሣው ከባሕር ወጥቶ ደሴ ድረስ የሚመጣው ቅቤ ሊቀባ አይደለም።

ግን የገፋው በቅቤው አይመስለኝም። «ለብቻው በሳህን አቅርቤለት እስኪጨርስ ቆሜ እጠብቃለሁ» ብለሽ ጽፈሻል። ይህችን መስመር አራት ጊዜ አነበብኳት። ደስታው ብቻውን አይበላም። ወደቡ ላይ ከጫኝና አውራጁ ጋር በአንድ ትሪ ሲበላ የኖረ ሰው ነው። ቤትም ሲገባ ዳቦውን መረቁ ውስጥ ነክሮ መጀመሪያ ልጃችንን አባተን ያጎርሳል፣ ቀጥሎ እኔን፤ ከዚያ ነው ለራሱ የሚያነሳው።

አባተ ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ በራሔይታ በኩል ወደ ጅቡቲ ላሻግረው ብዬ ለምኜ ነበር። ደስታው «የሰው ልጅ ሄዶ የእኔ አይሸሽም» አለኝ። ልጁ ሄደ፤ እስከ ዛሬ ቁራጭ ወረቀት አልመጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳህኑን አስቀምጬለት ወደ ማድቤት እገባ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ። አንድ ቀን ጉርሻውን ይዞ እስከ ማድቤቱ በር መጣ። ድስት እያጠብኩ ነበር፤ ዞሬ አላየሁትም። ዳግመኛ አልመጣም። ብዙም ሳይቆይ ደሴ ሥራ አገኘ፤ የቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ አትቁሚበት። በአንድ ሳህን አቅርቢና አጠገቡ ቁጭ በይ። መጀመሪያ አንቺ አጉርሺው። እሱም ሲያጎርስሽ አፍሽን ክፈቺ፤ ሎሚው ቢመርሽም ዋጪ። ማን እንዳስተማረሽ አትንገሪው።

እሱን ምሕረት ያውርድለት፤ ለአንቺም የማስታመሚያ ጉልበት ይስጥሽ።

የአባተ እናት

ሎሚው ሲያልቅ በአሥራት መልእክት ላኪብኝ። መጀመሪያ ያጎረሰሽን ዕለትም ጻፊልኝ። ቀኑን ብቻ፤ ሌላ አልፈልግም።