ጠረጴዛው ላይ ስላለችው ማቀያየሪያ

እታለም፣ ሰርቪሱ እየጠበቀኝ ነው፤ ባጭሩ።

ማቀያየሪያዋን ገጥሜያታለሁ። ለአራት ኮምፒውተር የምትሆንም ነበረች፤ እኛ ሁለት ነን ብዬ ባለሁለቷን መረጥኩ። ቁልፏን ስትጫኚ የምንጋራው ስክሪንም ኪቦርድም ወደ አንቺ ኮምፒውተር ይዞራል። አረንጓዴ ሲበራ ያንቺ ተራ ነው፤ ቀይ ሲበራ የእኔ።

ከእንግዲህ ጠረጴዛ ስር ገብቶ ገመድ መንቀል የለም። ማክሰኞ የኪቦርዱ መስሎኝ የኮምፒውተርሽን የሶኬት ገመድ ነቀልኩት። ሪፖርትሽን አጥፍቼብሻለሁ፤ አውቃለሁ። ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከምታኮርፊኝ ሰድበሽኝ ቢወጣልሽ ይሻለኝ ነበር።

ደክሞኛል።

አሁን መብራቷን ማየት ስለሚበቃ «ጨረስሽ?» ብሎ መጠየቅ ቀረ። እኛ ደግሞ ከዚያች ጥያቄ በቀር ሌላ ወሬ አልነበረንም።

ስመለስ ቀይ ቢበራም እጠይቅሻለሁ።
መልሺልኝ።