የመከላከያ ምስክሩ

መጋቢት 19 ቀን 2001 ዓ.ም.
ከሞላሌ በላይ፣ ከቤታችን

ለልጄ ለአንዷለም፤

ሰላምህ ከነጤናህ ይብዛልኝ። እኛ በቸርነቱ አለን። የበልጉ ዝናብ ዘግይቶብን ገብሱን የዘራነው ገና ባለፈው ሳምንት ነው። ቦቃዋ በግ መንታ ወልዳለች። የሱፍ ባናህን ጌታነሽ ይዛልህ መጥታለች፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ከእኛው አይተናነስም ይላሉና ተከናነበው። ደህናው ወሬ ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ተምታቶብኛል፤ ደብዳቤው ቢንዛዛ ታገሰኝ።

ጌታነሽ ማክሰኞ ከአንተ ዘንድ ስትመለስ የይግባኙን ወረቀት ሳይፈረም መልሳ አመጣችው። «አባባን ጃጀ አስብዬ አልፈታም ብሏል» አለችኝ። ሚስትህ ናትና እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። እኔ መጀመሪያ ተቆጣሁ፣ ቀጥሎ ደስ አለኝ፣ ከዚያ ደስ በማለቴ አፈርኩ። ጊዜው ሊያልፍ ስምንት ቀን ቀርቶታል። ካለፈ ሁለት ዓመቱን እዚያው እስር ቤት ትጨርሳለህ።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ ላስበው፤ አንዳንዴ እንዲህ ሲጻፍ ይጠራልኛል። ኅዳር ሚካኤል ዕለት ማኅበሩ እኛ ቤት ነበር። አይሱዙውን ከደጅ አቁመህ ገባህ፤ ለቅዳሜ ገበያ ሞላሌ የሚወርዱት ሰዎችና በጎቻቸው ይጠብቁሃል። ጽዋ ተጠጣ፣ ሄድክ። ሰዓት ሳይሞላ መኪናው ከመታጠፊያው ላይ ተገልብጦ የጎረቤታችን የተሾመች እግር ተሰበረ። አንተ «ፍሬኑ እምቢ አለኝ» አልክ። ፖሊሱ «አፉ መጠጥ መጠጥ ይሸት ነበር» አለ። ትንፋሽ የሚለካ መሣሪያ የለ፤ ሁሉም ነገር የሰው ቃል ነበር።

ታዲያ እኔ የመከላከያ ምስክርህ ሆኜ ቀረብኩ። በሚካኤል ስም ምዬ ቆምኩ። ዓቃቤ ሕጉ «ጠጥቶ ነበር ወይ?» አለኝ። «ጽዋ ቀምሷል። ጽዋ ደግሞ መጠጥ አይደለም፤ የመልአኩ ነው» አልኩት። «ስንት ጊዜ?» «ሦስት ጊዜ።» «ምን ምን ነበር?» «ሁለቱ ጠላ፣ ሦስተኛው ለብርዱ አረቄ። ግን ቀጥ ብሎ ነው የሄደው!» ልጄን የረዳሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ወረድኩ። ዳኛዋ ልጅ እግር ናት፤ አቀርቅራ ጻፈች። ፍርዱ ሲነበብ «የራሱ የመከላከያ ምስክር ሳይቀር መጠጣቱን አረጋግጧል» ሲባል ሰማሁ። የማንን ምስክር ነው የምትለው ብዬ ዞር ዞር አልኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለካ እንዲህ ነው። አገሩም ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «ኪዳነ ወልድ የገዛ ልጁን አሳሰረ» ይላል፤ ግማሹ «በሚካኤል ምሎ እንዴት ይዋሽ» ይላል። ማን ልክ እንደሆነ እኔ እንጃ። ጠዋት አንደኛውን አምናለሁ፣ ማታ ሌላውን። በመጋቢት ሚካኤል የማኅበሩን አለቅነት፣ ሙሴነቱን፣ ለማኅበርተኛው ለኃይለመስቀል አስረከብኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሴ ሆኜ ጽዋ የቀዳሁ ሰው፣ አሁን ማድጋው አጠገብ አልደርስም። ለሰው ያልኩት «ደከመኝ» ነው።

ይግባኝ ሲባልም ሌላ ዳኛ እንደ አዲስ የሚሰማን መስሎኝ ነበር። ጋቢዬን አሳጥቤ፣ የምናገረውን በልቤ አሰናድቼ ማመልከቻ ጸሐፊው አፈወርቅ ዘንድ ሄድኩ።

«አባባ፣ እዚያ ምስክር እንደገና አይቆምም» አለኝ። «የላይኛው ፍርድ ቤት የሚያየው መዝገቡን ነው። የታችኛው ማስረጃውን ሲመዝን፣ ሕጉን ሲጠቅስ ተሳስቷል ወይ ብሎ ይመረምራል።»

«ያልተናገርኩት ነገር ቢኖርስ?»

«ምን ያልተናገሩት?»

«በሞቴ ብለው አስጠጥተውት ቢሆንስ?»

ሳቀብኝ። «በሞቴ ተብሎ የጠጣም በሕግ ያው የጠጣ ነው። መሪውን የያዘው ማን ሆነና?»

ከዚያ ያንን ወረቀት ጻፈ። «ምስክሩ በዕድሜ መግፋት ምክንያት ነገር የሚምታታባቸው፣ የትናንቱን ከዛሬው የማይለዩ በመሆናቸው ቃላቸው ሊታመን አይገባም።» የእኔ ቃል ከመዝገቡ ከወጣ የሚቀረው የፖሊሱ አፍንጫና የአንተ ፍሬን ነው አለ። አንብቦልኝ ሲጨርስ «ቅር እንዳይልዎት» አለኝ። «ዳዊት በቃሌ እደግማለሁ እኮ!» አልኩት። «እሱን ለሰው አይናገሩ» አለኝ።

ውሸት ነው ትል ይሆናል። እኔም እላለሁ። መልሼ ደግሞ፣ ይኸው ስንት ወር ሙሉ ተምታቶብኝ የለ እላለሁ። ተሾመች በምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ትመጣለች፤ ወጌሻው አጥንቱ ገጥሟል ቢልም ታነክሳለች። ትናንት አስቁማኝ «አንዷለም እንዴት ነው?» አለችኝ። «ደህና ነው» አልኳት። ፍሬኑ ነው ወይስ ጽዋው ብላ ብትጠይቀኝ ምን እመልስላት ነበር? አልጠየቀችኝም። ቤቴ እስክገባ ድረስ ግን ስመልስላት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አልተምታታብኝም። ሦስተኛውን ልቀዳልህ ስል ጽዋውን በመዳፍህ ከደንከው። «አባባ፣ ሰው ጭኜ እነዳለሁ» አልክ። ማኅበርተኛው እንዳይሰማና እንዳላፍር ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ነው ያልከው። እኔ ሙሴው ነኝ፤ የገዛ ልጁ ጽዋ መለሰበት እንዳልባል «በሞቴ!» አልኩህ፣ ጮክ ብዬ። እጅህን አነሳህ።

ዳኛዋ «የምትለው አለህ ወይ?» ብላ ስትጠይቅህ ዞረህ አየኸኝ። ይናገራል ብዬ ፈራሁ። «የለኝም» አልክ። እኔም ዝም አልኩ፤ አልተጠየቅኩማ።

ያኔ እኔን ላለማሳጣት ዝም አልክ። አሁንም እኔን ላለማሳጣት አልፈርምም ትላለህ። ልጄ፣ ለእኔ ክብር ስንት ጊዜ ትታሰራለህ? ጃጀ ይበሉኝ። ከእውነተኛው ስሜ ያ ይቀላል።

ወረቀቱን ጌታነሽ መልሳ ይዛዋለች። ልክ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም፤ የላይኞቹ ዳኞች የሚሉትንም አላውቅም። ፈርም ብዬ ቀጥሎ «በሞቴ» ልጽፍ ነበር፤ እጄን መለስኩት። ያችን ቃል ዳግመኛ አልልህም። እንዲሁ ፈርምልኝ።

ሚካኤል ከፊት ከኋላህ ይሁን። የምትወጣበትን በር ያስከፍትልህ፤ እኔንም እስከዚያ ያቆየኝ።

አባትህ
ኪዳነ ወልድ