ማዕበል የተላከበት ደጅ

ሐምሌ 27
ዛሬም ሰባት ሰው ብቻ። ሁለቱ መጽሐፍ ቅዱስ እንኳ አልያዙም። ጥናት ነው ወይስ ሻይ ቤት? ነቢያቱ ዐውሎ ነፋስን ለምን የፍርድ ምልክት እንዳደረጉት አስተማርኩ። ጡረተኛው የባቡር ነጂ ሣህሉ፣ ጎርፍ ሲመጣ ጻድቁንም አብሮ አይወስድም ወይ አለ። አይወስድም አልኩት።
"ማዕበል የተላከበትን ደጅ ያውቃል።"
ደብተሩ ላይ ጻፋት። ደስ አለኝ... አልዋሽም።

ነሐሴ 5
ከተማው ላይ ጠብታ የለም። ከላይ የደንገጎ ተራራ ግን በደመና ጠቁሯል። ሙቀቱ ያናድዳል።

ነሐሴ 6
ትናንት ከሰዓት በኋላ የደቻቱ ወንዝ ሞላ። ሣህሉ የለም።

ነሐሴ 8
ከከተማው በታች፣ አሸዋ ውስጥ ተገኘ። ቀበርነው።

ነሐሴ 10
ለቅሶ ቤት ጎረቤታቸው ኹርሲ አጠገቤ ተቀመጠች። ያን ቀን እህቷ ከደንገጎ ጎርፍ እየወረደ ነው ብላ ደውላላት በራቸውን ደብድባለች። ሚስቱን የሺመቤትን ጎትታ አወጣች።
"እሱ ሳቀብኝ። ጾመኛ ነኝ፣ ቆርቤያለሁ፣ ማዕበል የተላከበትን ደጅ ያውቃል አለኝ። አቦ፣ ይሄን ማን ነው ያስተማረው?"
ቃል በቃል የኔ።

ነሐሴ 17
የሺመቤት ዘንድ ሄድኩ። ተሳስቻለሁ አልኳት። ነቢዩ የተናገረው ስለ አንዲት ጨካኝ ከተማ ነው፣ ስለ ደቻቱ አይደለም፣ ሣህሉ መውጣት ነበረበት... አላስጨረሰችኝም።
"እንዲህ አትበለኝ፣ መምህር። በከንቱ ነው የሞተው ልትለኝ ነው? ፍርድ ከሆነ እኮ የፈረደ አለ።"
ከዚያ ውሃ አቀረበችልኝ። ጠጣሁና ወጣሁ። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው...

ነሐሴ 25
ጥናት። የሺመቤት ጥቁር ለብሳ የሣህሉ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ደብተሩን ይዛለች። ኃጢአቱን አገኘሁት አለች፤ የእናቱን ቀብር ሳይሄድ ቀርቷል።
ልክ አይደለም። ያኔ ጅቡቲ መስመር ላይ ነበር። እናቱ ከተቀበረች በሦስተኛው ቀን፣ ጣቢያው ውስጥ ያረዳሁት እኔ ነኝ። ሐዲዱ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ ትከሻውን የያዝኩት እኔ።
"አይደል፣ መምህር?"
ሁሉም አዩኝ። የአንድ ፊደል ግድፈት እንኳ ሳላርም የማላልፈው ሰውዬ... ብነግራት ምን ይቀራታል?
ዝምታዬን እንደ አዎ ወሰደችው። ደብተሩን ገልጣ ጻፈች። ከኔዋ ዓረፍተ ነገር ሥር።