ማንም ያልጻፋቸው ሁለት ዜሮዎች

እንደምን አለሽ የቢሮ ጎረቤቴ? በፖስት ካርዱ ፊት ያለውን ባሕር አይተሽ እንዳትቀኚብኝ፤ እኔ እስካሁን ያየሁት የሥልጠናውን ክፍል ግድግዳ ብቻ ነው።

ዛሬ አሠልጣኟ ልክ እኛ የየጣቢያውን ዝናብ ስንመዘግብ እንደምናደርገው፣ በዚያው በእኛው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ከሰባት ቀን ሰንጠረዥ ሥር የአምስት ቀን ረድፍ ኮማ በምትባለው አንዲት የማያያዣ ምልክት ቀጠለች። ማሽኑ "አይገጥምም" አላለም። አጭሩን ረድፍ ከሌሎቹ እኩል ለማድረግ ጫፉ ላይ ሁለት ዜሮ ለጠፈበት።

"እነዚህን ዜሮዎች ማን ጻፋቸው?" ብላ ጠየቀች። ራሷ መለሰችው፦ "ማንም አልጻፋቸውም። ቀኖቹ አልተለኩም፤ የሚያነበው ሰው ግን ዝናብ አልጣለም ብሎ ያምናል።"

ክው ብዬ ቀረሁ።

አምና የታችኛው ጣቢያ ዝናብ ለኪ፣ ጋሼ ባርኔጣ፣ ምን ነበር ያሉን? "ሁለት ቀን ታምሜ ተኝቻለሁ፤ ዜሮ ብዬ ግን አልጻፍኩም። ዝናቡማ ቆርቆሮዬን ሲደበድበው ነበር።" እኛ ደግሞ በሰንጠረዡ ላይ ያሉትን ሁለት ዜሮዎች አሳየናቸውና "ጋሼ፣ ማሽን አይዋሽም" አልናቸው። አንቺ በቀይ አሰመርሽ፣ እኔ "ሐሰተኛ መዝገብ" ብዬ ፈረምኩ፣ ሃያ ዓመት የያዙትን መለኪያ ነጠቅናቸው።

ካርዱ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፣ ልጆችሽንም። እኔን ግን አትጠብቂ፤ ይህ በደረሰሽ ዕለት መለኪያውን ይዘሽ ጋሼ ቤት ሂጂ። ዜሮዎቹን የጻፍናቸው እኛ ነን በያቸው።