መቀስ ያልነካው ጨርቅ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? የባልሽ ሳልስ ለቀቀው? ልጆቹ እርስ በርስ መጣላቱን ትተው አደብ ገዙ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው ደብዳቤ ደህና ነኝ ያልኩሽ ግን ውሸቴን ነበር።

አትቆጪኝ። ከሦስት ወር በፊት ገላዬን ስታጠብ ቀኝ ጡቴ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጣር እብጠት አገኘሁ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ስፌት መኪናዬ ላይ ስቀመጥ እረሳዋለሁ፤ ልብስ ስቀይር ግን እጄ ሳላዘው ወደዚያው ይሄዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ ወደ ሐኪም ቤት የሚሄድ እግር ግን ከየት ይምጣ? ፈራሁ፣ እታለም። በጣም ፈራሁ።

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄድኩና ለትልቁ ሆስፒታል ሪፈር ጻፉልኝ። ማክሰኞ በጠዋት ካርድ አውጥቼ የቀዶ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል በር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ከሁሉም ቀድሜ። ካርዴን ደረቴ ላይ ታቅፌ ብጠብቅ ብጠብቅ የሚጠራኝ ጠፋ። ከኋላዬ የመጡት ሽማግሌ ገቡ፤ እግሩ የቆሰለው ሾፌር ገባ። ዘመድ ያለው ነው የሚገባው ብዬ ስም የምትጠራውን ነርስ በሆዴ ስረግማት አረፈድኩ። ለምሳ ሊበተኑ ሲሉ ጥበቃው መጣና ካርዴን ነርሷ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ ወረፋው በወንበሩ መስሎኝ! አንቺ ታቅፈሽው በህልማቸው አይተው ይጥሩሽ እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። ጥፋቱ ግን ያንቺ ነው፣ እታለም። እናታችን ካረፈች ጀምሮ ትምህርት ቤት ስትልኪኝ ወረቀትሽን ከእጅሽ እንዳታወጪ እያልሽ ያሳደግሽኝ ማን ሆነሽ ነው?

ያቺ ስረግማት የዋልኩት ነርስ ሮጣ ሐኪሙን ከደረጃ ላይ መለሰችልኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መጋረጃ ተጋርዶ፣ እሷ አጠገቤ ቆማ ነው የታየሁት፤ ከሚያስፈልገው በላይ አልተገለጥኩም። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ክፉው በሽታ ነው ወይ ስለው፣ ሳልመረምር ብነግርሽ ውሸታም ነኝ አለኝ። ወደድኩት። አልትራሳውንድ ተነሳሁ፤ በመርፌም ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ እስኪመጣ ያሉትን አስር ቀናት ተዪአቸው፤ የአንድ ደንበኛዬን ሱሪ ሁለቱንም የግራ እግር አድርጌ ሰፋሁት ብልሽ ይበቃሻል።

ውጤቱ ክፉ አይደለም፤ ቢሆንም እብጠቱ ይውጣ ተባለ። ያን ሁሉ ጊዜ ያልመጣውን እንባ ያኔ ዘረገፍኩት። ቦታውን ብቻ አደንዝዘው አወጡልኝ፤ ጠዋት ገብቼ ከሰዓት በኋላ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ስፌቱ ሲፈታ አላስችል ብሎኝ፣ ዶክተር፣ እጅዎ ጥሩ ነው፣ ጫፉ ላይ ግን ክሩን አጥብቀውታል አልኩት። ነርሷ መቀሷን አስቀምጣ ሳቀች።

አንድ ነገር አልደብቅሽም። ወረፋ ስንጠብቅ የተዋወቅኳት አስተማሪ የእሷ ክፉው ሆኖ ተገኘ። ግን ቶሎ በመምጣቷ ይድናል ብለዋታል፤ ሕክምናዋንም ጀምራለች። ትናንት ስደውልላት የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች ነበር።

አሁን ወደ ቀሚስሽ ልምጣ። የላክሽው ጨርቅ ደርሶኛል፤ ቀለሙ ደስ ይላል። ወፍሬአለሁና በግራ በኩል ብብቱ ስር ብቻ ሦስት ጣት ይስፋ ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። እታለም፣ ሃያ ዓመት ሴት ለክቻለሁ። በአንድ ጎኗ ብቻ የወፈረች ሴት ገጥማኝ አታውቅም።

ስለዚህ ጨርቁን መቀስ አላስነካሁትም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነይ፤ እኔው በእጄ ልለካሽ። ለባልሽ ቀሚስ ልለካ ነው በይው፣ ውሸት አይደለም። ስትመጪ በሰፈርሽ ጤና ጣቢያ በኩል እለፊና ሪፈር አጽፊ። ለምን እንደሆነ እኔም አልጠይቅሽ፣ አንቺም አትንገሪኝ። ማክሰኞ ሱቄን አልከፍትም፤ ለደንበኞቼ ነግሬአለሁ። ያቺ ነርስም እህቴን ይዤ እንደምመጣ ታውቃለች።

ሰኞ አልመጣሽም ማለት ማክሰኞ እኔ በርሽ ላይ ነኝ ማለት ነው፤ ድምፄ ደግሞ ለጎረቤት እንደሚተርፍ ታውቂዋለሽ።

ፈጣሪ ላንቺ የልጅ ልጅ ያሳይሽ። ለእኔ ደግሞ ያንቺን ሽበት ያሳየኝ፤ ሌላ አልለምነውም።

በእጅሽ ያሳደግሻት ታናሽ እህትሽ